የኢንሱሊን መጠን ከመቀነስ በፊት ሰዓቱን መለየት

ስኳሩ እየወረደ ያስቸገረው ሰው ክሊኒክ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ልቀንስ?» ብሎ ነው። ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ «በስንት ሰዓት ወረደ?» የሚለው ነው። ጠዋትና ማታ የሚወጋ ሰው፣ ሌሊት እየወረደበት የጠዋቱን መርፌ ቢቀንስ ሌሊቱ እንደነበረው ይቀጥላል፣ ቀን ደግሞ ስኳሩ ይወጣል። የወጣውን ለማስተካከል ብሎ የማታውን ከጨመረ ሌሊቱ የባሰ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከሰዓት ይነሣል።

የተጻፈው በጅማ ከተማ ለሚኖሩ፣ እንዲሁም ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ጮቆርሳና ከደዶ እየመጡ ክትትል ለሚያደርጉ ዐዋቂዎች፣ ቤት ውስጥ መርፌ ለሚወጉላቸው ቤተሰቦችም ነው። የሕፃናትና የነፍሰ ጡሮች መጠን ያለ ሐኪም አይነካም። ሌላው ሰው ደግሞ ቀጠሮው ላይ ሐኪሙን «ስኳሬ ከ70 በታች ቢወርድ የትኛውን መርፌ በስንት ልቀንስ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ካርዱ ላይ ያስጽፍ (እዚህ ያሉት የስኳር ቁጥሮች ሁሉ በ mg/dL ናቸው)። ቀጣዩ ቀጠሮ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እየወረደ ያለ ስኳር ያን ያህል አይጠብቅም።

በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?

በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚሰጠው ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ነው። ነጭና ድፍርስ ነው፤ ብልቃጡ ቆሞ ሲውል ነጩ ከታች ይዘቅጣል። በሕክምና አጠራር «መካከለኛ» ቢባልም ብዙዎቻችን ጋ የረጅሙን፣ ማለትም ለረጅም ሰዓት የሚቆየውን ኢንሱሊን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። በተወጋ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ያይላል፤ ከዚያ እየደከመ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ግላርጂን፣ ብዙ ሰው ላንተስ በሚለው ስሙ የሚያውቀው፣ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ጎላ ብሎ የሚያይልበት ሰዓት የለውም፣ ወደ 24 ሰዓት ይሠራል። ዴግሉዴክ ከ42 ሰዓት በላይ ይቆያል። 70/30 የሚባለው ድብልቅ ደግሞ 70 በመቶው ኤንፒኤች፣ 30 በመቶው ፈጣኑ ሬጉላር ነው።

ግላርጂንም ሬጉላርም የጠሩ ስለሆኑ በመልክ አይለዩም፤ ስማቸው ካልተነበበ መቀያየር ይከሰታል። ሁለቱም ቤት ካሉ በአንደኛው ብልቃጥ ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች የሚያይለው ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት የተወጋው ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ሌሊት ላብ አጥምቆዎት ከነቁ ወይም ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ የተለካው ከ70 በታች ከሆነ የሚቀነሰው የማታው ነው። ከሰዓት በኋላ፣ እራት ሳይደርስ የሚወርድ ከሆነ የጠዋቱ። ሬጉላርም አብረው የሚወጉ ሰዎች ደግሞ በ3 እና በ5 ሰዓት መካከል፣ ምሳ ሳይደርስ ከወረደባቸው ጥፋቱ የጠዋቱ ሬጉላር ነው። ከእራት በኋላ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ከወረደ የማታው ሬጉላር ነው። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ድፍርሱን መቀነስ ምንም አይፈይድም። ግላርጂን የሚወጋ ሰው ያለ ምግብ ባደረበት ሌሊት ስኳሩ ቁልቁል ከሄደ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።

እውነት የበዛው መጠኑ ነው?

አንድ ቀን እራት ተዘሎ የወረደ ስኳር ለዘለቄታው መጠን አያስቀንስም። የወረደበት ምክንያት ከታወቀና ከተስተካከለ መጠኑ እንዳለ ይቀጥላል። ምክንያት ያልተገኘለት አንድ መውረድ ግን ይበቃል፤ እስኪደጋገም አይጠበቅም።

እዚህ አካባቢ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ጫት ነው። ጫት ላይ ሲዋል የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ምሳ ይዘለላል፣ እራትም በሁለት ጉርሻ ያልቃል፣ መርፌው ግን በልማድ እንደ ወትሮው ይወጋል። ከጫቱ ጋር ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ደግሞ አመሻሹ ላይ ሲለካ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። በዚያ ቁጥር ተደናግጦ የማታውን ኤንፒኤች ይጨምራል፣ ሳይበላ ይተኛል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሆነው ከላይ ባለው ቆጠራ ላይ አለ። ቀጥሎ መጠጥ ነው፤ ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያግዱታል። ማታ የተጠጣ መጠጥ ጠዋት ድረስ ስኳር ሊያወርድ ይችላል፣ የመውረዱ ምልክትም ከስካር ጋር ይምታታል።

መርፌውና ብልቃጡም ይመርመሩ። አሁን የምንጠቀምበት ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ነው። በ40 ዩኒት በተከፈለ አሮጌ ሲሪንጅ «20» ድረስ የሞላ ሰው የወሰደው ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 50 ዩኒት ነው። ድፍርሱን ሳይቀላቅሉ የሚቀዱ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ደካማውን ውኃ ይወስዳሉ፣ ብልቃጡ ሲጋመስ ከበድ ያለው ይቀርና ስኳራቸው ያለ ምክንያት የወረደ ይመስላቸዋል። ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መሐል 10 ጊዜ ማንከባለል፣ 10 ጊዜ ደግሞ ቀስ ብሎ መገልበጥ ይበቃል፤ መናጥ አይገባም።

ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን ጉልበቱን ያጣል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ብልቃጡ ምድጃ አጠገብ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከከረመ ስኳሩ አልወርድ ይላል፣ መጠኑም በየጊዜው ይጨመራል። አዲስ ብልቃጥ በተከፈተ ማግሥት ያው መጠን በሙሉ ጉልበቱ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ መጠኑ ወደ ቀድሞው፣ መጨመር ከመጀመሩ በፊት ወደነበረው መመለስ አለበት፤ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል። የተከፈተው ፀሐይና እሳት በማያገኘው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በእርጥብ አሸዋ መሐል የተቀመጠ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። በረዶ የነካው ይጣላል።

ቆዳም አለ። በአንድ ቦታ ለዓመታት ሲወጋ ጓል የመሰለ እብጠት ይወጣል፣ በእሱ ላይ የተወጋ መድኃኒት በወጉ አይሰርግም። ነርሷ «ቦታ ቀይር» ስትልዎት ምክሯ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጤነኛው ቆዳ ላይ ያው መጠን ይበልጥ ስለሚሠራ በዚያው ዕለት ከ10 እስከ 20 በመቶ መቀነስና በተከታታይ መለካት ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ከዚህ ሁሉ የማይገኝ ከሆነ ሰውነት ራሱ ተለውጦ ይሆናል። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከደም ቶሎ አይወጣም፤ የማጣራት አቅሙ ከ50 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሩብ ያህል፣ ከ10 በታች ሲሆን እስከ ግማሽ ይቀንሳሉ። ለዓመታት ሲጨመርበት የኖረ አረጋዊ ያለ ምክንያት መውረድ ከጀመረው «ስኳሩ ተሻለው» ከማለት በፊት የኩላሊት ምርመራ ይታዘዝለት። ክብደት መቀነስ፣ የዳነ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን፣ መውለድም የኢንሱሊን ፍላጎትን ያወርዳሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት እየተቀነሰለት ያለ ሰው አብሮ ኢንሱሊኑም መቀነስ አለበት፤ ጠዋት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ስኳር የሚያወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀድሞ የሚቀነሰው የጠዋቱ ኤንፒኤች ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ከኢንሱሊን ጋር አብረው የሚውጡ ሰዎች ደግሞ ሐኪማቸውን ክኒኑ አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መቅደም ያለበት እሱን ማቆም ነው።

ቁጥሩ

የተለመደው ቅነሳ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ማታ 20 ዩኒት የሚወጋ ወደ 18 ወይም ወደ 16 ይወርዳል፤ 30 የሚወጋ ወደ 26፤ 12 የሚወጋ ወደ 10። ልኬቱ ከ54 እስከ 69 ከሆነ ወደ 10 በመቶው፣ ከ54 በታች ከሆነ ወደ 20 በመቶው ይጠጋል። ሰው ካላገዘው ራሱን ማዳን ያልቻለ ሰው በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ። የእሱ ቅነሳ ከ20 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፣ ውሳኔውም የሐኪም ነው።

የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እያንዳንዱ መስመር 2 ዩኒት ነው፤ የግማሽ ሚሊ ሊትሩ 1 ዩኒት። በትልቁ ሲሪንጅ 17 ወይም 13 መቅዳት ግምት ነው፤ በየቀኑ የተለያየ ግምት ደግሞ ልኬቱን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ መስመር ላይ የሚያርፍ ቁጥር ይምረጡ፤ በመቀነስ ጊዜ ሲጠራጠሩ ወደ ታችኛው ይጠጉ።

ድብልቁን 70/30 የሚወጉ ሰዎች ረጅሙን ብቻ ለይተው መቀነስ አይችሉም። ከመውረዱ በፊት የነበረውን መርፌ እንዳለ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳሉ፤ ፈጣኑም አብሮ ስለሚቀንስ ከምግብ በኋላ ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ከቀነሱ በኋላ መታገሥ ያስፈልጋል። በኤንፒኤችና በግላርጂን ቢያንስ 3 ቀን፣ በዴግሉዴክ አንድ ሳምንት ያህል በአዲሱ መጠን ይቆዩ። በማግሥቱ 160 አይተው ወደ አሮጌው መጠን መመለስ እዚህ ሥራ ላይ በጣም የሚደጋገም ስሕተት ነው። ጾም ያደረ ስኳር ለአብዛኛው ዐዋቂ ከ80 እስከ 130፣ ተደራራቢ ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ከ90 እስከ 150 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለጥቂት ቀን 160 ወይም 170 መሆኑ ጉዳት የለውም። በ3 ቀን ውስጥ ዳግመኛ ከ70 በታች ከታየ ግን ቀኑ እስኪሞላ ሳይጠብቁ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይቀንሱ።

ጠዋት ከፍ ብሎ የተገኘ ስኳር ለብቻው ያሳስታል። የማታው ኤንፒኤች ንጋት ላይ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ንጋት ላይ የሚነሡ ሆርሞኖች አውጥተውት ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት ወርዶ ነቅተው ስኳር በልተው ይሆናል። የሚለየው አንድ ልኬት ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ከ70 በታች ከሆነ የማታው መርፌ ይቀነሳል፣ የጠዋቱ ቁጥር 220 እንኳ ቢሆን። ከዚህ ሌላ ከእራት ጋር ይወጋ የነበረውን ኤንፒኤች ወደ መኝታ፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ማዘዋወር የሚያይልበትን ጊዜ ወደ ንጋት ይገፋዋል፤ አንዳንዴ ያለ ቅነሳ ይበቃል።

የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ውድ ነው፣ አንዳንዴም አይገኝም። ለሳምንት 6 ብቻ ካለዎት ሦስቱን ለ3 ተከታታይ ጠዋት፣ ሁለቱን ለመኝታ ሰዓት፣ አንዱን ለሌሊት 9 ሰዓት ይመድቡ። ከመኝታው እስከ ጠዋቱ ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል። ማታ 190 ተኝቶ ጠዋት 85 የሚነሣ ሰው በጠዋቱ ቁጥር ይደሰታል፤ ነገር ግን 105 ወርዷል። ልዩነቱ በተደጋጋሚ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ረጅሙ ኢንሱሊን የእራትን ሥራ እየሠራ ነው፤ እራት ያነሰ ዕለት የሚጥለውም እሱ ነው። የቀኑ ረጅም ኢንሱሊን በኪሎ ከግማሽ ዩኒት በላይ ከሆነም፣ ለ60 ኪሎ ሰው ከ30 በላይ ማለት ነው፣ መጨመሩን ማቆምና መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር እንደ አዲስ ማየት ይሻላል።

የኢንሱሊን ዓይነት ሲቀየርም መጠን ይነካል። በቀን ሁለት ጊዜ ኤንፒኤች የሚወጋ ሰው ወደ ግላርጂን ሲዛወር ድምሩ በ20 በመቶ ይቀነሳል፤ ጠዋት 20 ማታ 10 የነበረው 24 ግላርጂን በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ግላርጂን ጠፍቶ ወደ ኤንፒኤች የሚመለስ ሰው ደግሞ ሙሉውን ማታ በአንድ መርፌ እንዳይወጋው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ያይልበታል። አከፋፈሉን ሐኪም ያውጣው።

ጾምና የቡና ለቀማ

ረመዳንን ለመጾም የሚያስብ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ በቅርቡ ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አደጋው ከፍተኛ ነውና ባይጾም ይመከራል። ተፈቅዶለት የሚጾም፣ ግላርጂን በቀን አንዴ የሚወጋ ሰው መርፌውን ወደ ኢፍጧር አዛውሮ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ኤንፒኤች ሁለት ጊዜ የሚወጋ የጠዋቱን መጠን ኢፍጧር ላይ፣ የማታውን ግማሽ ሱሁር ላይ ይወስዳል፤ 20 እና 10 የነበረው 20 እና 5 ይሆናል። በትልቁ ሲሪንጅ 5 መስመር ላይ ስለማያርፍ 4 ይውሰድ። ከኢፍጧር በፊት ከ70 እስከ 90 ከተለካ 2 ዩኒት፣ ከ70 በታች ከሆነ 4 ዩኒት ይቀነሳል። ስኳሩ በየትኛውም ሰዓት ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ ይፈታል፤ ለኢፍጧር 10 ደቂቃ ቢቀረውም። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ዒድ ሲደርስ መጠኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ይህ እየተረሳ ብዙ ሰው ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ በሸዋል፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይከርማል።

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ችግሩ ከዚህ ይለያል። ጠዋት 1 ሰዓት የወጋው ኤንፒኤች ከ5 ሰዓት ጀምሮ ሲያይል ሆዱ ባዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለችና ንስሐ አባትን አነጋግሮ ሰዓቱን ትቶ ከሥጋና ከወተት ብቻ መጾም መልካም ነው። በሰዓት መቆየቱን አጥብቆ የሚፈልግ የጠዋቱን መጠን ሐኪሙ ይቀንስለት፣ 5 ሰዓትና 7 ሰዓት ላይም ይለካ።

ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲቀላ ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ሲለቅም የሚውል ሰው ጡንቻው ማታም ስኳር መሳቡን አያቆምም፤ ውጤቱ እስከ ማግሥቱ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ቀን ደህና ውሎ ሌሊት ይወርዳል። በለቀማው ሳምንታት የማታውን ከ10 እስከ 20 በመቶ መቀነስ፣ ለቀማ ባልተወጣበት ዕለት መለካት፣ ሥራው ሲያልቅ መመለስ። በኪስ ከረሜላ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አይጥፋ፤ አብሮ ለቃሚው ጓደኛም ለምን እንደተያዘ ይወቅ።

ዜሮ አይደረግም

ዓይነት 1 ያለበት ሰው ምንም ባይበላ እንኳ ረጅሙ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል፤ ይቀነሳል እንጂ አይቆምም። ሲቆም ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ደም በአሲድ ይሞላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ይመጣል። ጠበል የሚገቡ፣ የባህል መድኃኒት የሚጀምሩ ወገኖቻችን ኢንሱሊናቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ትኩሳት ወይም ማስመለስ ሲኖር፣ ስኳሩም ከ250 በላይ ሲሆን የመቀነሻ ጊዜ አይደለም፤ ወደ ጤና ተቋም የመሄጃ ጊዜ ነው። ዓይነት 2 ያለበት፣ ክብደት ቀንሶ መጠኑ ወደ 10 ዩኒት ወርዶ ጠዋቱ ጥሩ ሆኖ የሰነበተ ሰው ግን ጨርሶ ማቆም ሊቻል ይችላልና ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስኳር ከ70 በታች ሲሆን 3 የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ፣ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ከወጣ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ መብላት። መለኪያ ከሌለ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ድንገተኛ ረኃብ ይበቃሉ። ፕሮፕራኖሎል የመሰለ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡ ላይታይበት ይችላል፤ ላቡ ግን አይቀርም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ማርም ቢሆን፤ በጎኑ አስተኝቶ ግሉኮስ በደም ሥር ወደሚሰጥበት ቅርብ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

አዲሱን መጠን ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፉ፦ «ኅዳር 4፣ የማታው ከ20 ወደ 16፣ ሌሊት 9 ሰዓት 52 ስለተለካ»። መርፌውን የሚወጋልዎት ልጅ ወይም ባለቤት አሮጌውን ቁጥር በቃል ይዞት ይሆናልና ያንኑ በትልቁ ጽፈው ብልቃጡ በሚቀመጥበት ቦታ ይለጥፉት።